ሽንት ሸቀጥ አይሆንም፤ መቀመጫው ግን ይሸጣል

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የሽሮ ሜዳ ግቢዎች በየቀኑ ማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ ይደፋሉ። ነገሩ ጆሮን ቢጎረብጥም ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው በዓመት 500 ሊትር ያህል ሽንት ያወጣል። በውስጡም እንደ አመጋገቡ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከ12 እስከ 23 ሰዎች በዓመት የአንድ ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ያወጣሉ ማለት ነው።

ይህን የሰማ ነጋዴ ቦቴ ተከራይቶ፣ ከገበያው ሽንት ቤቶች ቀድቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ለሱሉልታ ገበሬ ልሽጥ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይከስራል። አንዱን ኩንታል ለመተካት ከ6 ሺህ እስከ 11 ሺህ 500 ሊትር ፈሳሽ መጫን አለበት። ዩሪያውን ግን አንድ ጋሪ ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ዕዳ ማከማቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ሽንት ለማንኛውም ሰብል እንዲውል ቢያንስ በ20 ዲግሪ ሙቀት 6 ወር መቀመጥ አለበት። በእንጦጦ ግርጌ ብርድ ይህን ሙቀት ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ሁሉ በርሜል የስድስት ወር ቦታ ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ትርፉን ከየት ያመጣዋል?

ታዲያ ነገሩ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ለቤተሰብ ጓሮ ሲሆን ሂሳቡ ይገለበጣል። መጓጓዣ የለም፤ የራሱን ሽንት ለራሱ ጎመን የሚያውል ቤተሰብም ማቆየት አይጠበቅበትም። ከዓይነ ምድር ሳይቀላቀል በተከደነ ጀሪካን ይያዛል፤ ካልተከደነ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። አንዱ እጅ ከ3 እስከ 10 እጅ ውኃ ይቀጠናል፤ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ይፈሳል። ምርት ሊሰበሰብ አንድ ወር ሲቀረው ይቆማል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ወይዘሮ አልማዝ ተረፈና ስዊድናዊው ጉንደር ኤድስትሮም በምሥራቅ አፍሪካ የከተማ ልማት ማኅበር (ሱዴአ) አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሽንትን ለይቶ የሚይዝ መጸዳጃና ከቤት ምግብ እንዳይጠፋ የሚያደርግ የጓሮ አትክልት አስተዋውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የብዙዎቹ አገር በሆነው በጋሞ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው የተሳተፈበትና የአውሮፓ ኅብረት የደገፈው ‘ሮዛ’ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይህንኑ ሞክሯል።

የሰፋፊ እርሻ ማዳበሪያ የፋብሪካ ሥራ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ ውል በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት የታቀደ ነው። ከዚህ ጋር በቦቴ መፎካከር ገንዘብ መበተን ነው።

ለአነስተኛ ባለሀብት የተተወው ገበያ ሌላ ነው፦ ሽንትን የሚለይ መቀመጫ መሥራትና መግጠም፣ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ማቅረብ፣ ችግኝ መሸጥ፣ የጋራ ሽንት ቤቶችን በክፍያ መንከባከብ። ደንበኛው እዚያው ሰፈር ነው፤ ጥሬ ዕቃውንም በየቀኑ ራሱ ያመጣል። ደላላ የቦቴ ውል ይዞ ቢመጣ፣ ባለሀብቱ በቅድሚያ የአንዷን ሊትር ማጓጓዣ ይጠይቀው።