የልጆቻችሁን ውስጥ እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከመካከላችሁ ከቆዳ ካንሰር ድናችሁ በጉባኤ ፊት የመሰከራችሁ ትኖሩ ይሆናል። ምእመናን ከእናንተ ጋር ጌታን አመስግነዋል። ልጆቻችሁስ የሕመማችሁን ስም ያውቁታል? ወይስ «እግሬን አሞኝ ነበር» ብላችሁ አልፋችኋቸዋል? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በዚህ በሽታ ደግሞ የወላጅ ዝምታ ለልጅም ይተርፋል።

ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር የሚነሣው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑ ታውቋል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት በነጮች ላይ ቢሆንም መጠንቀቁ አይጎዳም። አትደንግጡ፤ በሽታው በልጆች ላይ እምብዛም አይታይም። የመመልከት ልማድ ግን ከልጅነት ይጀምራል።

ብዙዎች የቆዳ ካንሰርን ከፀሐይ ጋር ብቻ ያያይዙታል። በእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ዘፋኙ ቦብ ማርሌይ ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ አካባቢ ደግሞ የግራር እሾህ ያልወጋው ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ውስጥ እግር ላይ ጥቁር ነገር ሲታይ «እሾህ ነው»፣ «ኪንታሮት ነው» ይባላል። በጋለ ብረት የሚተኩሰው፣ በምላጭ የሚቆርጠውም አለ። በዚህ መካከል በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረው ይሰራጫል።

እንግዲህ በወር አንድ ቀን፣ ማታ እግር ሲታጠብ፣ ውስጥ እግርን፣ በጣቶች መካከልና ጥፍርን በደንብ ተመልከቱ። የሚከተሉትን ካያችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፦

1. ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፤
2. በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ የሚሰፋ ጥቁር መስመር፤
3. በጥቂት ሳምንታት የማይድን ወይም የሚደማ ቁስል።

በነገሌ ሆስፒታል ስትታዩ «በቤተሰባችን ሜላኖማ ነበረ» ብላችሁ ተናገሩ። ምርመራው የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ ነውና ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባላችሁ አትዘግዩ፤ እየጸለያችሁ ሂዱ።

ፀሐይንም አንናቅ። በተለይ አልቢኖ ሆነው ለተወለዱ ልጆች የቆላው ፀሐይ ለሌሎች የቆዳ ካንሰሮች ዋነኛ መንስኤ ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ከተገኘም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋቸዋል።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ሰው የራሱን ጀርባና ውስጥ እግር በደንብ አያይም፤ እርስ በርሳችሁ ተያዩ። ከበሽታው የዳናችሁ ደግሞ ዳግመኛ ሊወጣ ስለሚችል ክትትላችሁን አታቋርጡ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ጠባሳችሁን አሳዩአቸው፤ ስሙንም ንገሯቸው።