ርእሰ አንቀጽ፦ የግቢያችን ውሾች የማን ናቸው?

ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወደ መኝታው የሚያዘግም ተማሪ በመንገዱ ላይ የሚቀበለው ወዳጅ አያጣም። ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ እስከ ደጅ ይሸኛል፤ ከዚያም ወደ ዘበኞቹ የከሰል እሳት ይመለሳል። ማንም አልገዛውም፥ ማንም አላሳደገውም፤ ሆኖም ስም አለው። አንደኛውን ዘበኞቹ «መቻል» ይሉታል፤ እኛ ግን በምግብ አዳራሹ ደጃፍ ተጋድሞ ሰልፉን ስለሚያጓትት «ሬጅስትራር» ብለነዋል።

አሁን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመነከሱ ውሾቹ ሁሉ በመርዝ ይወገዱ የሚል ሐሳብ በግቢያችን ይሰማል። ይህን የሚሉትን ሰዎች ጨካኞች ናቸው ብለን አንሰድብም፤ የፈሩት ነገር እውነተኛ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በበሽታው ከሚያዙት ሰዎች ከመቶው 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሉዊ ፓስተር በ1885 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የተነከሰ ልጅ ከከተበ ወዲህ፥ ይህ ሞት ልንከላከለው የምንችለው ሞት ሆኗል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል፤ ክትባቱ ሊቀድመው የሚችለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

መርዙስ ምን ይጠቅማል? ውሾቹን ወደ ግቢያችን የጠራቸው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለ ክዳን የተከመረው ትርፍራፊ ነው። ቆሻሻው እንዳለ ሆኖ እነዚህ ቢሞቱ፥ በሳምንታት ውስጥ ጠባያቸውን የማናውቃቸው፥ መከተባቸውም የሚያጠራጥር ሌሎች ይተኩባቸዋል። ከአሥር ውሾች ሰባቱ ቢከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ እንደሚዘጋ የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። የተከተበ ውሻ ለግቢው አጥር ነው፤ እርሱን መግደል የራስን አጥር ማፍረስ ነው።

እንግዲህ ወቀሳው ወደ እኛ ወደ ወዳጆቻቸው ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ እንጀራ እየወረወርን እናለምዳቸዋለን፤ ሰኔ ሲደርስ ሻንጣችንን ይዘን እንሄዳለን። በክረምቱ ዝናብ የተራበ ውሻ ሰው ቢያስቸግር ጥፋቱ የማን ነው? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እርሱ የበላበትን አልረሳም፥ ያበላነው እኛ ግን ረስተነዋል። በክረምትም በበጋም አብረዋቸው የሚያድሩት ዘበኞቹ ብቻ ናቸው። በምሽት ጥበቃ ላይ ውሻ ምን እንደሚያግዝ ማወቅ የሚፈልግ ጋሼዎቹን ይጠይቅ።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ ማኅበራችን ከእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሰብስቦ ውሾቹን፥ ቡችሎቹን ጭምር፥ በየዓመቱ በእንስሳት ሐኪም ያስከትብ፤ የተከተበውም በአንገቱ ማሰሪያ ይለይ። ሁለተኛ፥ እንዳይራቡ የሚደረግበት መንገድ ከሐኪሙ ጋር ይመከርበት። ሦስተኛ፥ አስተዳደሩ ለቆሻሻው መጣያ ክዳን ያድርግለት። አራተኛ፥ ለክረምቱ መኖ ለዘበኞቹ ይተውላቸው።

ከዚህ ሌላ ወዳጅነትም ሥርዓት አለው። የሚበላን ውሻና የምታጠባ እናትን አትንኩ፤ ዓይን ለዓይን አፍጥጣችሁ አትቅረቡ፥ ራሱ ይምጣ። ቡችላ እንኳ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉ፤ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥር እየማሱ የሚጠፋው ቀን የማይመለስ ነው።

መምህራኖቻችንም ስለ ኅብረተሰብ ኃላፊነት ብዙ አስተምረውናል። ኃላፊነት የሚጀምረው ከሩቅ አይደለም፤ ደጃችን ላይ ተጋድሞ ከሚጠብቀን ነው። መርዙ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፤ ክትባቱ የየዓመቱ ነው። ይህ ጋዜጣ የየዓመቱን ይመርጣል።