ብርድን የሚከለክል ቤት

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ግን ቅርብ ብትሆንም ዝቅ ብላ ስለተቆረቈረች ሞቃት ናት። ስለዚህ ለኮምቦልቻ የሚስማማ ቤት ሁሉ ለደሴ ይስማማል ማለት አይቻልም።

የቆርቆሮ ክዳን ፀሐይ እንደጠለቀች ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይመልሳል። እንግዲህ በደሴ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ቢያወፍር፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢያበጅ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብልም መስኮቱን በዚያው በኩል ቢያወጣ፣ ከሰኞ ገበያ የሚገዛው ከሰል ይቀንስለታል።

«ወጪው ይበዛል» የሚሉ አይጠፉም። ሆኖም የኮርኒስ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የከሰል ዋጋ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ይከፈላል። ከሁሉም በላይ፣ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል በማይታይ መርዙ የተኛን ሰው ይገድላል። ስለሆነም የደጋ ሰው ብርድን በእሳት ከማባረሩ በፊት በግድግዳውና በጣሪያው ሊከለክለው ይገባል።