በወህኒ ቤት በር የሚቆመው ሰው

ከዚህ ግቢ ተመርቆ የወጣ አንድ ወንድማችን በአንድ ማረሚያ ቤት ጀማሪ ሥራ መያዙ በተሰማ ጊዜ፣ በምግብ አዳራሹ የተሳቀው ሳቅ ገና ከጆሯችን አልወጣም። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው ቁልፍ ሊያንጠለጥል ነው እንዴ?» ያለም ነበር። ሳቁ ከክፋት የመጣ ነው አንልም፤ ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው እንጂ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ሥራው ልንነጋገር ወደድን።

ለመሆኑ የተሳቀበት ሥራ ምንድን ነው? በበር መቆም፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አይቶ የሚገባውን ሰው መመዝገብ፣ ንብረቱን ቆጥሮ መረከብ፣ ጧትና ማታ ቆጠራ ማድረግ፣ የጠያቂን ስንቅ መፈተሽ፣ ስም መጥራት፣ ቀጠሮ ያለበትን እስረኛ አጅቦ ችሎት ማድረስ ነው። ሹመት የለበትም፤ ሙገሳም የለበትም። ይሁን እንጂ ዳኛው አንድ ጊዜ ፈርዶ ይለያል፤ እስረኛው ግን የሚውለውም የሚያድረውም በዚህ ሰው እጅ ነው።

እስቲ ከቆጋ መስኖ ዳር የምትነሣ አንዲት እናት እናስብ። የቆጋ ግድብ እስከ 7,000 ሄክታር የሚደርስ ማሳ እንዲያጠጣ የተሠራ ነውና፣ ሌላው ገበሬ ዝናብ በሚጠብቅበት በበጋ እርሷ ከውሃ ተራና ከአረም ጋር ትታገላለች። ያን ሁሉ ጥላ፣ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ፣ ከመርዓዊ በመኪና ተሳፍራ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ የታሰረ ልጇን ልትጠይቅ ባሕር ዳር ትደርሳለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ በዘመዶቹ፣ በወዳጆቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። እናቲቱ ግን አንቀጽ 21ን አንብባ አታውቅም። ከበሩ ስትደርስ የምታገኘው አንድ ጎልማሳ ነው። «እናቴ፣ ከጥላው አረፍ ይበሉ፤ የልጅዎን ስም ይንገሩኝ» ካላት፣ ሕገ መንግሥቱ ለእርሷ አለ ማለት ነው። ወጡን ባልታጠበ እጁ በርብሮ «ዛሬ አይቻልም፣ ነገ ነይ!» ካላትም ሕገ መንግሥቱ ለእርሷ የለም።

ወህኒ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከአገራችን ነው። በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ዘመዶች መንግሥት እንዳይሹ የሚጋዙበት አምባ ስሙ ወህኒ ነበር። ከርቸሌ የሚለውን ደግሞ ከጣሊያን ቋንቋ ወረስን። ዛሬ ሁለቱንም ትተን ማረሚያ ቤት ብለናል። ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን ታፔላ መለወጥ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሰውን የሚያርም ጠባይ ግን ከሰው ይማሩታል እንጂ ከታፔላ አያነቡትም። እስረኛው ከመንግሥት ወገን በየቀኑ የሚያየው ሰው ደግሞ ይኸው የምንስቅበት ጀማሪ ነው።

መዝገብ መያዝ ቀላል ነገር ለሚመስለው፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሰው። በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሥቶ፣ መንግሥት በሰጠው መግለጫ 23 እስረኞች ሞቱ። የማን ልጅ እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንደተረፈና ወዴት እንደተዛወረ ለማወቅ ቤተሰቦች ለቀናት ተንከራተቱ። በዚያ ሰዓት ለእናቶች ከእንባ ሌላ የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ በትክክል የተጻፈ የስም ዝርዝርና ያን ዝርዝር ወጥቶ የሚያነብላቸው ሰው ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አሻሽሎ ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በማንዴላ ስም የተሰየመ ነው። ሰባተኛው ደንብ ሕጋዊ ትእዛዝ ያልያዘ ሰው ወደ እስር ቤት እንዳይገባ፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀንና ሰዓትም እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስድሳኛው የጠያቂ ፍተሻ ክብርን የሚያዋርድ እንዳይሆን ይከለክላል። ሰባ አራተኛው ደግሞ የእስር ቤት መልካም አስተዳደር በየደረጃው ባሉ ሠራተኞች ሐቀኝነት፣ ሰብአዊነትና ችሎታ ላይ የቆመ ነው ይላል። በየደረጃው ሲል የበሩንም ሰው ማለቱ ነው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኮልፌ ሥልጠና ወስደው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ተይዘው፣ 27 ዓመት ታስረዋል። በሮበን ደሴት ሳሉ ከጠበቋቸው አንዱ፣ ሥራ ሲጀምር ሃያ ዓመት ያልሞላው ክሪስቶ ብራንድ ነበር። ይህ ወጣት ሕፃን የልጅ ልጃቸውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቅፉ በምስጢር አድርጎላቸዋል። ያን ጊዜ ደንቡ ይህን ይከለክል ነበር። የዛሬው ጠባቂ ግን ሰው ለመሆን ደንብ መጣስ አያሻውም፤ ደንቡን መፈጸም ብቻ ይበቃዋል።

«የወህኒ ቤት ችግር ከላይ ነው፤ የበር ጠባቂ ምን ሥልጣን አለው?» የሚሉን መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። እውነት አላቸው። የበሩ ሰው የጠበበውን ክፍል አያሰፋም፤ የተጓተተውን መዝገብ አያስወስንም። እንዲያውም እርሱ ራሱ ግማሽ እስረኛ ነው። በጥንቱ ፍርዳችን ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ዛሬም ጠባቂው የእስረኛው ቁራኛ ነው፤ በዓሉን ከግንቡ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊቱን ከግንቡ ውስጥ ያድራል። ደመወዙ ካልበቃው፣ ሥልጠና ካላገኘ፣ በደረሰበት ሁሉ ከተናቀ፣ ምሬቱ የሚያርፈው ከእርሱ በታች ባለው ላይ ነው። ታዲያ የእኛም ሳቅ በዚያ ምሬት ላይ የሚጨመር አይደለምን?

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሁሉ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት መዝገብ አያያዝንና የጠያቂ አቀባበልን በሚገባ ይማር። ሁለተኛ፣ የሕግ ትምህርት ቤታችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ለእስረኛው ብቻ ሳይሆን በበሩ ለቆመውም ሕጉን ያስረዳ፤ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ስም የማይጠፋበት የእስረኞች መዝገብ ይሥሩ። ሦስተኛው ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው፤ ከመካከላችን ይህን ሥራ የሚይዝ ሲገኝ አንሣቅበት፤ ሲሄድ «አደራ!» እንበለው።

ያ ወንድማችን ዛሬ በበሩ ቆሟል። ከቆጋ የመጣችው እናት አገልግሏን ይዛ ወረፋ ላይ ናት። የተማረው ትምህርት የሚፈተነው እርሷ ተራዋ ሲደርስ በሚሰጣት መልስ ነው።