ወላጅን መጦር የሴት ልጅ ብቻ ዕዳ ነውን?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብሎ ሲመረቅ ያልሰማ የጋይንት ልጅ የለም። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለመቅበር ልጅ ሁሉ ሲመጣ፥ ለመጦር የምትቀረው አንዲት ሴት ልጅ መሆኗን ልብ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለተማሪ ጓደኞቼ ባጭሩ መግለጽ እወዳለሁ።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት። በዚህ ብርድ ሽማግሌና አሮጊት ያለ እሳትና ያለ ትኩስ ምግብ መክረም አይችሉም። ገበሬ የጡረታ ደመወዝ ስለሌለውም ጡረታው ልጁ ነው። ቀድሞ ሴት ልጅ እቤት ትውል ነበርና ነገሩ ያለ ጥያቄ ይታለፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ሴቲቱ ደመወዝተኛ ሆናለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እንመልከት፤ በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች ሁሉም ለማለት እስኪቻል ድረስ ሴቶች ናቸው። ይህች ሠራተኛ ቀን ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የሰውን ጤና ስትጠብቅ ትውላለች፤ ማታ የደከሙ እናቷን ታጥባለች፥ እንጀራ ትጋግራለች። ወንድሟ ብር ይልካል፥ ይመሰገናልም። ብር መላክ ደግ ነው፤ ነገር ግን ብር ውሃ አይቀዳም፥ በሌሊትም በሽተኛ አያገላብጥም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ችግረኛ ወላጅን የመርዳት ግዴታ የጣለው በልጆች ላይ ነው፤ ሴትና ወንድ አይለይም። የለየው ልማዳችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለድርጅት ሠራተኛ ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ለብርቱ ችግር ግን የሚፈቅደው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ፥ ያውም በዓመት 2 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ለቀባሪ ደመወዝ ሲቆረጥለት ለጧሪ አልተቆረጠለትም ማለት ነው። በጃፓን አገር ሠራተኛ፥ ወንድም ቢሆን፥ ወላጁን ለማስታመም እስከ 93 ቀን ፈቃድ ሊወስድ ይችላል።

«እንግዲያው ሥራዋን ትተው» የሚሉ አሉ። ሥራዋን ብትተው መድኃኒቱ በምን ይገዛል? ደግሞም 10 ዓመት ሳታገለግል ሥራ የለቀቀች ሴት በእርጅናዋ የጡረታ አበል አታገኝም፤ ዛሬ እናቷን ስትጦር ነገ የራሷን መጦሪያ ታጣለች።

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ባልሁ ቍጥር «እናትሽን ማን ሊጦር ነው?» እባላለሁ፤ በክፍላችን ያሉት ወንዶች ግን ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቃቸውም። እናቴን መጦር ክብሬ ነው፤ የምለምነው ከወንድሜ ጋር እንድጦራት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼ ሆይ፥ ውሃ መቅዳትን፥ ወጥ መሥራትን፥ ሕመምተኛ ማንሣትን ከአሁኑ እንልመድ። ወላጆችም ወንዱን ከምድጃው አጠገብ አታባርሩት። አሠሪዎችም ለጧሪ ቀን ይቍጠሩ። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና።