የዶክትሬት ተማሪን ጠዋት እንተውለት



በጀመዓችን ውስጥ የዶክትሬት ተማሪዎች ጥቂት ነን፤ የሚሰጠን ኃላፊነት ግን ብዙ ነው። ደርስ የሚሰጥ ሲጠፋ እኛ፣ አዲስ ተማሪ የሚቀበል ሲፈለግ እኛ፣ ከአስተዳደር ጋር የሚነጋገር ሲያስፈልግ አሁንም እኛ። የሚሰጠን ምክንያት አንድ ነው፦ «እናንተ እኮ ክላስ የላችሁም!»

እውነት ነው፤ ኮርስ ካለቀ በኋላ ክላስ የለንም። ችግሩም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ፈተናና አሳይመንት ይቀሰቅሱታል። የእኛን ምዕራፍ ዛሬ ባንጽፈው ግን ማንም አይጠይቀንም፤ አማካሪያችን ምናልባት ከወር በኋላ ይጠይቅ ይሆናል። አራት ዓመት ሲጀመር ረጅም ይመስላል። ፕሮፖዛል፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የመስክ ሥራ ሲባል ግን ሁለቱ ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። ብዙዎቻችን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የተላክን መምህራን ስለሆንን፣ ከኋላ የሚጠብቀን መሥሪያ ቤትና ቤተሰብም አለ።

ሶላት ጊዜ ይሻማል የሚል አልፎ አልፎ ይሰማል። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። ደወል ለሌለው ሥራ ደወሉ አዛን ነው፤ በተለይ እዚህ አገር። በሰሜን አውሮፓ የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች በሰኔ ዒሻ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይደርስባቸዋል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ገና ከቢሮ ሳይወጡ መግሪብ ይገባባቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዙህርም ዓመቱን ሙሉ ከ6፡00 እስከ 6፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። አንዴ ያወጣነው ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ከፈጅርና ከአዝካር በኋላ ተመልሶ ያልተኛ ሰው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ማንም የማይሻማው ጊዜ አለው። ስልክ አይጮህም፣ ቢሮም አልተከፈተም። (ዒሻን ሰግዶ በጊዜ ለማይተኛ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ የዶርም ጨዋታ ደግሞ የሚደምቀው ያኔ ነው።) በዚህ ሰዓት መጻፍ እንጂ ኢሜይል መመለስ አያስፈልግም። በ597 ሂጅራ ያረፉት የባግዳዱ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ፣ ሊመልሷቸው የማይችሏቸው እንግዶች ሲመጡባቸው ወረቀት መቁረጥን፣ ብዕር መቅረጽንና ደብተር መጠረዝን ለዚያ ሰዓት ያቆዩ እንደነበር ጽፈዋል። እንግዳውም አልተከፋ፣ ጽሑፋቸውም አልተጓደለ። የእኛ ወረቀት መቁረጥ ዋቢ ማስተካከል፣ የቃለ መጠይቅ ፋይል መሰየም፣ ሠንጠረዥ ማረም ነው። ለእሱ ከዐስር በኋላ ያለው ጫጫታ ይበቃዋል።

ልጆች ላሏቸው እህቶቻችን ግን የፈጅር ምክር ብዙ አይሠራም። ልጁ ከእናቱ ጋር ይነሣል። ለእነሱ በሳምንት ሁለት ቀን ከዙህር እስከ ዐስር ልጅ የምትይዝላቸው እህት ከብዙ ደርስ በላይ ትጠቅማቸዋለች። ባልም አለ፤ እሱን ማንም አይጠይቀውም!

ረመዳንም በድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ያገኘናል፤ እያንዳንዱም ካለፈው 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል። ከአማካሪ ጋር የሥራ ዕቅድ ሲፈረም አብሮ ቢገባ፣ የመስክ ጉዞው ከመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ጋር አይጋጭም።

ከጀመዓው የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ በዓመት ከአንድ በላይ ኃላፊነት አይሰጥ፤ ጠዋት ላይም ስብሰባ አይጠራ። ለዲን ማገልገል ትልቅ ኸይር ነው፤ አንዳንዱ ግን ምዕራፉ ሲከብደው ወደ ኮሚቴ እንደሚሸሽ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ «ጀዛከላህ» ከማለት «የት ደረስክ?» ማለት ይሻላል።

የቅዳሜ ጠዋቱ ሹራ ከዐስር በኋላ እንዲዛወር ሐሳባችንን ለአሚሩ አቅርበናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል፤ ልጆች ላሏቸው እህቶች የሚወጣው ተራም በዚያው ቀን ይነሣል ኢንሻአላህ።