የመስጂዱን በር ቆልፉ ለምትሉ ወንድሞች

 

ባለፈው በጋ ሰፈራችን ውስጥ ውሃ ለቀናት ጠፋ። ቦኖው ፊት ቢጫ ጀሪካን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይደረደር ነበር። አንድ ጧት ሁለት እናቶች በወረፋ ተጣልተው አንዷ ግንባሯ ተፈነከተ። እስከ ማታ ድረስ ነገሩ የሁለት ሴቶች ጠብ መሆኑ ቀርቶ የ«እኛ» እና የ«እነሱ» ሆነ፤ አንዷ ሙስሊም ሌላዋ ክርስቲያን ነበረችና። ሽማግሌዎች ገቡበት፣ በረደ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ግን ከጀመዓችን አንዳንድ ወንድሞች አንድ ሐሳብ ይዘው ይዞራሉ፦ የመስጂዱ ጉድጓድ ለዉዱእ የተወቀፈ ነው፣ ስለዚህ በሩ ይቆለፍ፣ ጎረቤት አይቅዳ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለእነሱ ነው። በስም አንጠራቸውም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

መጀመሪያ ነገሩን በቦታው እናስቀምጠው። ያለነው ከፋ ነው። በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብበት፣ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ አገር ነው። የጎጀብና የዓለምጎኖ ረግረጎች ያሉት እኛው ዘንድ ነው። እንዲህ ባለ አገር ጀሪካን ተሸክሞ የሚጣላ ሰው ካለ የጠፋው ውሃ አይደለም። የጠፋው ቧንቧ ነው፣ ጥገና ነው፣ ወረፋውን የሚያስከብር ሰው ነው። «ውሃ ስላነሰ ተጣሉ» ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ማን እንደሚቀዳና ማን እንደሚጠብቅ የወሰነውን ሰው ከመጠየቅ ያድናልና።

አሁን ከጎጀብ ጋር ትንሽ ወደ ታች እንውረድ። ጎጀብ እኛንና ጅማን እየለየ ወርዶ ኦሞ ይገባል። ኦሞ የቱርካና ሐይቅን ውሃ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሰጠው ወንዝ ነው። በመሐል ጊቤ 3 አለ፦ 243 ሜትር ከፍታ፣ 1870 ሜጋ ዋት፣ የተመረቀው ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.። ከእሱ በታች ደግሞ ኮይሻ እየተሠራ ነው። መብራት እንፈልጋለን፤ ይህን ጽሑፍ የምንለጥፈውም በዚያው መብራት ነው። ግድቡን አንሰድብም።

ነገር ግን ከግድቡ በታች ያሉት ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲና ቦዲ በየዓመቱ ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ለእነሱ የወንዙ ሙላት አደጋ ብቻ አልነበረም፤ የእርሻ ወቅታቸው ነበር። ግድቡ ሙላቱን ሲያስቀር በምትኩ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዳር ላይ የነበረውን መሬት ደግሞ የኩራዝ ስኳር እርሻ ያዘው። እርሻው ያነሰበት ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ግጦሽ፣ መረቡን ይዞ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው የኬንያው ቱርካና ነው፤ እሱም መረብና ጠመንጃ አለው።

ጠቡ ከግድቡ በፊትም ነበረ፤ ይህን መደበቅ ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2011 ቶዶንያንግ ላይ በርካታ ቱርካናዎች ሲገደሉ ግድቡ ውሃ መያዝ አልጀመረም ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሐይቁ ጨምሮ የዳሰነችን መንደሮች አጥለቅልቋል። ስለዚህ «ውሃ ሲያንስ ጦርነት፣ ሲበዛ ሰላም» የሚባል ቀመር የለም። ሲያንስም ሲበዛም የሚገፋው ያው ያልተጠየቀው ሰው ነው፤ የተገፋው ደግሞ ጎረቤቱን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በዚያው አካባቢ ዓሣ አስጋሪዎች ተገደሉ፣ ሌሎች ጠፉ። ዜናውን አይተን «የኋላ ቀር ሰዎች ጠብ» ብለን አለፍነው። እኛ ቦኖ ላይ በጀሪካን የተፈናከትን ሰዎች!

እዚህ ላይ ሌላ የሚያስገርመን ነገር አለ። ስለ ዓባይ ሲወራ ሁላችንም ጠበቃ ነን። ግብጽና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም፣ ይህ ግፍ ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ግፍ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የተደሰትነውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ዳሰነቹ «በወንዜ ጉዳይ ማን ጠየቀኝ?» ቢል የምንመልስለት ምንድን ነው? የካይሮን መልስ ልንመልስለት ነው? ያልተጠራ ሰው ያልተጠራ ነው፤ ዓባይ ላይ ሲሆን ግፍ፣ ኦሞ ላይ ሲሆን ልማት የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ይህ ጉዳይ በዲናችን አዲስ አይደለም። መዲና ውስጥ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ከአንድ አንሷር ጋር በመስኖ ቦይ ተካሰዋል። የዙበይር እርሻ ከላይ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ያዘዙት አጠጥቶ ውሃውን ወዲያው ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር፤ አንሷሩ ፍርዱን ለዘመድ ማድላት ነው ባለ ጊዜ ለዙበይር ሙሉ መብቱን ፈረዱለት። በመህዙር ወንዝ ላይም የላይኛው ውሃው ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ይዞ ለታችኛው እንዲለቅ ተፈርዷል። የላይኛው ሰው መጀመሪያ የመጠጣት መብት አለው፤ መብቱ ግን ልክ አለው፣ ልኩም ቁርጭምጭሚት ነው። የሩማን ጉድጓድ ዑስማን (ረ.ዐ.) የገዙት ውሃ እየተሸጠ ሰው ስለተቸገረ እንደሆነ በመድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ወንድሞቻችን የሚያነሱት ነጥብ ከንቱ አይደለም። የዋቂፉ ሸርጥ ይከበራል፣ ለዉዱእ የተሰጠ ለዉዱእ ነው፣ ይህን እኛም ቀርተንበታል። ነገር ግን ሁለት ነገር ዘለሉ። አንደኛ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር የነበሩ አባቶችን ጠይቀናል፤ ለመስጂዱና ለሰፈሩ ተብሎ እንደተቆፈረ ይናገራሉ፣ አፈሩን ካወጡት መካከልም ክርስቲያን ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛ፣ ውሃ ያለው ሰው ሌላው በጥማት እንዳይጎዳ ከሰጋ ውሃውን ለመጠጥ ትቶ ተየሙም እንደሚያደርግ የፊቅህ ዑለሞች የተናገሩት ነው። ለዉዱእ ምትክ አለው፣ አፈር ነው። ለጥማት ምትኩ ምንድን ነው?

«ጉድጓዱ ይደርቃል» ለሚለው ስጋት መልስ አለን፦ ለአንድ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ያለ ወረፋ፣ ለሽያጭ የሚቀዳ አይገባም። «ደፈሩን ይሉናል» ለሚለው ግን መልስ የለንም። ውሃ ስለሰጠ የተደፈረ ሰው አናውቅም። በቆለፍነው በር ግን በሚቀጥለው በጋ የሚፈነከተው ግንባር የማን እንደሚሆን አስቡት፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ከየትኛው ወገን ሆኖ ይገባል?

ኮሚቴው ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሰበሰባል። ቆልፉ የምትሉም ኑ፣ ፊት ለፊት እንነጋገር፤ በየሻይ ቤቱ አትጨርሱት። እስከዚያው ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው፣ በሩም ከሱብሒ እስከ ኢሻ ክፍት ነው። የምትቀዱ ጎረቤቶቻችን፣ ጀሪካኑን ክዳን አድርጉበት። እየፈሰሰ መግቢያውን ጭቃ አድርጎታል፣ ትናንት አንድ አባት ተንሸራተው ሊወድቁ ነበር።